ሽማግሌ ላክሁ፤ ታይገር ይዘው ሄዱ

ሽማግሌ ልኮ፣ እሱ ራሱ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ የገዛ ሽምግልናውን በመኪና ስፒከር ያዳመጠ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ እባካችሁ አገናኙኝና እንጽናና። እኔ ያዳመጥኩት አሜሪካ፣ ቻምብሊ የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ አፓርታማ ግቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱን ግጥም አድርጌ ዘግቼ ነው። እንዲያም ሆኖ ውሻዋን ይዛ የምታልፍ አንዲት ፈረንጅ ቆማ እስክታየኝ ድረስ ውጭ ተሰምቷል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ መናገር አለብኝ፤ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። ስሜ ታምራት ነው። እዚያው አቅራቢያ ዱሉዝ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። በሥራዬ ማንም አይወቅሰኝም፤ ችግሬ ሌላ ነው። ስሜን የትም ማስገባት አልወድም። ፈርም ከተባልኩ እጄን ያልበዋል፤ ተናገር ከተባልኩ ከኋላዬ የቆመውን ሰው አያለሁ። ዲቪ የሞላልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። አሜሪካ ገብቼ አፓርታማ የተከራየሁት በጓደኛዬ ስም ነው። ሜሮንን እንደምወዳት ለራሷ ለመንገር ስምንት ወር ስለፋ ቆይቼ፣ በመጨረሻ የነገረቻት የሥራ ባልደረባዋ ናት። ሜሮን በዚያው ቀን ደውላ «ታሜ፣ ይሄን ነገር ከራስህ አፍ የምሰማው መቼ ነው?» አለችኝ። «ሽማግሌ እልካለሁ» አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር። ሌላ ሰው ሄዶ የሚናገርልህ ወግ ባለበት ሕዝብ መሃል መወለዴን ያን ቀን አመሰገንኩ።

ሜሮን የምትሠራው በዱር የቀሩትን ታይገሮች የሚጠብቅ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ታይገር የምላችሁ የእኛን አገር ባለ ነጠብጣብ ነብር አይደለም፤ ያን በብርቱካንማ ቆዳው ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበትን የእስያውን ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ ከአዳኝ ጋር ለሚታገሉ ጠባቂዎች ቦት ጫማ፣ ሬዲዮና ዛፍ ላይ የሚታሰር ካሜራ ትልካለች። አባቷ አቶ ደምሴ ደግሞ አገር ቤት፣ ደቡብ ውስጥ ባለ ብሔራዊ ፓርክ ከሃያ ዓመት በላይ ስካውት ነበሩ፤ ማለትም ጠመንጃ አንግተው አውሬውን ከአዳኝ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። አዳኞች በተኮሱባቸው ጥይት ግራ እግራቸው እንዳነከሰ ቀርቷል። እናቷ በሕይወት ስለሌሉ አባትና ልጅ ቻምብሊ አብረው ይኖራሉ። የሜሮን እሺታ በእጄ ነበር፤ የቀረኝ የእሳቸው ነው። እሳቸው እንቢ ካሉ እንደማታገባኝ በግልጽ ነግራኛለች፤ የተናገረችውንም የምታደርግ ሴት ናት።

ሦስት ሽማግሌ መረጥኩ። መሪያቸው ጋሼ መኩሪያ ናቸው። ድሮ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ አሁን ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ፤ ድምፃቸው ግን ዛሬም «ትኬት!» የሚል ድምፅ ነው። ሁለተኛው ጎረቤት ከተማ ዶራቪል የቅመም ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሙክታር ናቸው፤ ትንሽ ተናግረው ብዙ ይተነፍሳሉ። ሦስተኛው ወንድም ኤልያስ፣ ሆስፒታል የሚሠራ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ያለ ጸሎት መኪና እንኳ አያስነሳም።

ጋሼ ስለ ልጅቷ ቤተሰብ ሲጠይቁኝ «እሷ የታይገር ሥራ ነው የምትሠራው፤ ታይገር በጣም ትወዳለች» አልኳቸው። «አባትየውስ?» ሲሉኝ «ጠመንጃ ይዘው ጫካ ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አውሬ ጠባቂ ነበሩ» አልኩ። ጋሼ የሰሙት ጠመንጃና ጫካ የሚለውን ብቻ ኖሯል። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው፤ ማብራራት ስለሚያደክመኝ እዚያው ላይ ተውኩት።

የቀጠሮው ቅዳሜ ልወስዳቸው ስሄድ ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንድ ትልቅ የሻንጣ ከረጢት እግራቸው ሥር አቁመው ጠበቁኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ስጦታ።»

«የምን ስጦታ?»

«አንተ ሙሽራ ነህ። ሙሽራ አይጠይቅም።»

«ገና ሙሽራ አልሆንኩም እኮ።»

«ይኼን ሲያዩ ትሆናለህ።»

የመኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ በጎማ ስለተሞላ ከረጢቱ ከኋላ ወንበር፣ በሐጂና በወንድም ኤልያስ መሃል ተቀመጠ። መኪናው ከክብደቱ የተነሳ ሰው መስሎት ቀበቶ ይታሰር እያለ ጮኸብን። ወንድም ኤልያስ ጸልዮ ቀበቶውን አሰረለት። እንግዲህ ያን ቀን ሳላውቀው አንድ ታይገር ቀበቶ አስሬ ከዱሉዝ እስከ ቻምብሊ ነድቻለሁ።

በወጉ መሠረት አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይገባም። ግቢው ውስጥ ፓርክ አድርጌ ልጠብቃቸው ስል ሐጂ አዘኑልኝ መሰለኝ «ስልኬን ክፍት አድርጌ ደረት ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፤ አንተ እዚህ ሆነህ ትሰማለህ» አሉኝ። ጋሼ ከረጢቱን ተሸክመው መሩ። እኔ ስልኩን ከስፒከሩ ጋር አገናኝቼ ወንበሬን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረግኩ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ አማረ። የበር ድምፅ፣ «እንደምን ዋላችሁ»፣ «ግቡ፣ ተቀመጡ»። ከዚያ የጋሼ ድምፅ፦ «አንቀመጥም! እሺ ሳይሉን እዚህ ቤት አንቀመጥም!» ልቤ ሞቀ። ሲለምኑልኝ መስማት ደስ ሲል! ሥራ ወዳድነቴን አነሱ፤ ጨዋነቴን አነሱ፤ ቁመቴን እንኳ ትንሽ ጨመሩበት።

ከዚያ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። ከባድ ነገር ምንጣፍ ላይ ሲዘረጋ ሰማሁ። አንዲት ሴት ትንፋሿን ስትሰበስብ ሰማሁ፤ ሜሮን ናት። ጋሼ ግን የአድናቆት መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ ፎከሩ።

«ዘራፍ! ነብሩን በጦር ወግቶ ከሜዳ የጣለ፣ ቆዳውን አንጥፎ በላዩ የዋለ! የታምራት አያት! ገዳይ፣ የገዳይ ልጅ!»

ውሻ ይዛ የምታልፈው ሴትዮ የቆመችው ያኔ ነው። ፈገግ ብዬ እጄን አውለበለብኩላት፤ እሷ ግን ውሻዋን ጎትታ ሄደች።

እዚህ ላይ ስለ አያቴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አያቴ አዳማ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በሕይወታቸው የወጉት ነገር ቢኖር ጨርቅ ነው፤ እሱንም በመርፌ።

ወደ ስፒከሩ ልመለስ። ከዚያ የአቶ ደምሴ ድምፅ መጣ፤ ዝግ ያለና ጥርት ያለ።

«ይህን ማን ገደለው አሉኝ?»

«የልጁ አያት!»

«የት?»

«ባሌ ጫካ!»

«መቼ?»

«በጃንሆይ ጊዜ!»

«አቶ መኩሪያ፣» አሉ አቶ ደምሴ፣ «ይህ ታይገር ነው። ባሌ ይቅርና አፍሪካ ውስጥ በየትኛውም ዱር ኖሮ አያውቅም።»

ሐጂ ሲተነፍሱ ሰማሁ። ጋሼ ግን የተቆጣጣሪ ደማቸው ሽንፈት አያውቅም።

«አያቱ…» አሉ፣ «ብዙ አገር ዞረዋል።»

መሪውን ይዤ ግንባሬን ደገፍኩበት። ጡሩምባው ጮኸ። ከፎቅ መጋረጃ ሲከፈት አየሁ፤ በስፒከሩም «ሐጂ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ለምንድነው የሚበራው?» ሲባል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ የአቶ ደምሴ ድምፅ መኪናዬን ሞላው።

«ታምራት፣ ትሰማኛለህ?»

«አቤት» አልኩ ለመሪው።

«ና ውጣ።»

ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ክፍት ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደቆሙ ናቸው። ምንጣፉ ላይ አራት እግሯን ዘርግታ፣ ጭንቅላቷ እንደነበረ ተሠርቶ፣ የመስታወት ዓይኗን ወደ እኔ አድርጋ ታይገሯ ተኝታለች። ሜሮን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ አላየችኝም። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ታይገር ትወዳለች አላልከኝም?» አሉ። ሐጂም በሹክሹክታ «መኩሪያ፣ ልጅ ለሚወድ ሰው የልጅ ቆዳ ይወሰድለታል?» አሏቸው። ሁለቱም ሹክሹክታ አይችሉበትም፤ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

አቶ ደምሴ የማይታጠፍ እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ቆዳው አጠገብ ተቀመጡ። የፊት ቀኝ እግሯን አንስተው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያለውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ጠጉር የሌለበት፣ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ነበር።

«ጥይት አይደለም የገደላት» አሉ። «የሽቦ ወጥመድ ነው። ሽቦው እግሯን ይዟት ስትጎትት ቀናት ቆይታለች። ቁስሉ ድኖ ጠባሳ ሆኗል፣ አየህ? አንዴ በጥሳ አምልጣ ነበር። በኋላ በሌላ ሽቦ ነው ያገኟት።» ከዚያ ሆዷ ላይ ያለውን ቆዳ ገልበጥ አድርገው አዩ። «ታጠባ ነበር» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያስጨነቀኝ የእኔ ጋብቻ ብቻ ነበር። ሜሮን ለዓመት ያህል ስለ ታይገር ስትነግረኝ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ የሰማሁት እሷን ለማየት ነው። ያን ጠባሳ ሳይ ግን አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ሜሮን አሁን አየችኝ። «ታሜ፣ ይሄ ዲኮር አይደለም» አለች። «ጫካውን ቆርጠው የዘይት ዘንባባ ይተክሉበታል። መንገድ ያወጡበታል። የምትበላው አጋዘን ሲያልቅባት ወደ መንደር ጠርዝ ትመጣለች፤ እዚያ ደግሞ ሽቦ ይጠብቃታል። በዱር የቀሩትን ሁሉ አንድ ስታዲየም ብታስቀምጣቸው አብዛኛው ወንበር ባዶ ነው። ያቺ አንዷ ነበረች።» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች። «ጋሼ፣ ከየት ነው ያመጡት?»

የአያቴ ጦር እዚያ ላይ ተሰበረ። ጋሼ ቆዳውን የገዙት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ሻጩ «ሌላም ከፈለግህ ስቶሬጅ ውስጥ ሁለት አለኝ» ብሏቸዋል።

«ሁለት?» አለች ሜሮን። «ሰው ስለገዛው ነው እኮ ሌላ የሚገደለው!»

አቶ ደምሴ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። «ሽማግሌዎች፣ አክብራችሁኝ መጥታችኋል፤ አመሰግናለሁ። ዛሬ መልስ የለኝም። ይህ ከቤቴ ይውጣ። የት እንደምታደርሱት አልነግራችሁም።» ወደ እኔ አዩ። «እኔ መልሴን የምሰጠው የት እንዳደረስከው ካወቅኩ በኋላ ነው።»

ስንመለስ ተናጋሪው መኪናው ብቻ ነበር፤ ቀበቶ እሰሩ እያለ ይጮሃል። ከረጢቱ ዚፑ ተበላሽቶ ስለነበር ጭንቅላቷ በሐጂና በወንድም ኤልያስ መሃል ብቅ ብሎ ወደፊት ያያል። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ጎናችን ያለው መኪና ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ አየን። ሐጂ በትህትና ሰላም አሉት።

በመጨረሻ ጋሼ ተናገሩ። «ጣላት።»

«ምን?»

«ዶራቪል ከሐጂ ሱቅ ጀርባ የቆሻሻ ገንዳ አለ። እንጣላትና ለመንግሥት አስረከብን እንበል። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ሐጂ። «ገንዳውም የእኔ ነው።»

«እንቅበራት» አለ ወንድም ኤልያስ። «እኔ እጸልያለሁ።»

«አሜሪካ ውስጥ አካፋ ይዘህ ስትቆፍር ብትታይ ማንን ቀበርክ ነው የሚሉህ!» ብለው ጋሼ ጮኹበት።

እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ወደ ዶራቪል ነዳሁ። አልዋሽም፤ ሐሳቡ ተመችቶኝ ነበር። ወረቀት የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ስሜ የትም አይገባም። ከሱቁ ጀርባ ቆምኩ፤ እኔና ጋሼ አንስተን ወደ ገንዳው ወረወርናት። ገንዳው ሞልቶ ስለነበር አልገባችም። ካርቶኑ ላይ ተቀምጣ፣ ጭንቅላቷን በጠርዙ አስደግፋ ታየናለች። ጋሼ በካርቶን ሸፈኗት፤ ነፋስ ገለጣት። እንደገና ሸፈኗት፤ እንደገና ገለጣት። ይሄኔ ከጎረቤት ምግብ ቤት ቆሻሻ ሊጥል የወጣ ሠራተኛ ደረሰብን። እሷን አየ፣ እኛን አየ፣ የያዘውን የቆሻሻ ከረጢት ባለበት አስቀምጦ በመጣበት እግር ወደ ኋላ ተመለሰ።

ጋሼ መሮጥ ጀመሩ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እንዲያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ቆለፉ። ልጠራቸው ስሄድ ወንበሩ ላይ ዝቅ ብለው ተደብቀው አየሁና ቁጣዬ ሁሉ ጠፋ።

«ታምራት ልጄ፣» አሉኝ፣ «የሚቀጥለው ወር የዜግነት ኢንተርቪው አለኝ። እዚህ አገር ከገባሁ አንዲት ቀይ መብራት አልጣስኩም። ‹ወንጀል ሠርተሃል ወይ?› ሲሉኝ ምን እላለሁ? ሽምግልና ሄጄ ታይገር ይዤ ገባሁ እላለሁ? እኔ እኮ እንድትከበርልኝ ብዬ ነው። በእኛ ጊዜ የአውሬ ቆዳ ይዞ የመጣ ሰው ይፈራል፣ ይከበራል። ዘመኑ መቼ እንዳለፈ የነገረኝ የለም።»

ተመልሼ ብቻዬን ከገንዳው አወጣኋት። ምን እንደማደርግ አላወቅኩም፤ እዚያ ጥያት መሄድ ግን አቃተኝ።

እሁድን ከእሷ ጋር ዋልኩ። ሳሎኔ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኳት፤ ቁርስ ስበላ ጀርባዋን እንኳ ማየት ከበደኝ። ለሜሮን ደወልኩ፤ አላነሳችም። ትንሽ ቆይታ የቴክስት መልእክት ላከች፤ የዱር እንስሳት ሕግ የሚያስከብረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አድራሻ ብቻ ነው። ሰላምታ የለው፣ የልብ ምልክት የለው። ማታ የአክስቴን ልጅ «አንተ በእኔ ቦታ ሄደህ ብታስረክብስ?» ልለው ስልኩን አንስቼ፣ ቁጥሩን ፈልጌ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። በራሴ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከረጢቱን ተሸክሜ ስወጣ ጋሼ መኩሪያ ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት ጨምረው በሬ ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይምጡ። እኔ እበቃለሁ።»

«የገዛሁት እኔ ነኝ። ሻጩን የማውቀው እኔ ነኝ። አንተ ምን ልትነግራቸው ነው? አያትህ ባሌ ገደለው ልትል ነው?»

ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን ኦፊሰር ከረጢቱን ከፍታ አየች፤ ከዚያ እኛን አየች። ጋሼ ማንም ሳይጠይቃቸው ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉ። ከዚያ በአማርኛ ንግግር ጀመሩ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። ከአውቶቡስ ተቆጣጣሪነታቸው ተነሥተው ወደ ዊልቸር ሲደርሱ ኦፊሰሯ «ወደ ቆዳው እንምጣ» አለች።

«እኔ ነኝ የገዛሁት» አሉ ጋሼ። «ሕገ ወጥ መሆኑን አላወቅኩም። ካወቅኩ በኋላ ደግሞ ልጥለው ነበር፤ እሱንም ልናገር። ሻጩ የት እንደሚቆም፣ ምን ዓይነት መኪና እንደሚነዳ እነግርሻለሁ። ሌላ ሁለት አለው።»

ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ኦፊሰሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስለ ጋሼ ምንም ቃል ልትገባ እንደማትችል፣ ነገር ግን የሚፈልጉት ሻጩን እንደሆነ፣ በገዛ እግሩ እንዲህ የሚመጣ ሰው ብዙ እንደማያጋጥማቸው ነገረችን። ከዚያ ፎርም አቀረበች። «ያስረከበው ሰው ስም» ይላል።

እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ዞርኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። እጄ አላበም አልልም፤ ወረቀቱ ረጥቦ ኦፊሰሯ ሌላ ልስጥህ ወይ እስክትለኝ ድረስ አልቧል።

ጋሼን ቤታቸው አድርሼ በቀጥታ ቻምብሊ ሄድኩ። ሽማግሌ የለኝም፣ ስልክ የለኝም። በሩን አንኳኳሁ። አቶ ደምሴ ከፈቱ፤ ከኋላዬ ማን እንዳለ አንገታቸውን አውጥተው አዩ።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።» ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ገንዳውንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ ልጥላት እንደነበር፣ የገንዳው መሙላት እንጂ የእኔ ጨዋነት እንዳላዳናት፣ በኋላ ግን ትቻት መሄድ እንዳቃተኝ ነገርኳቸው። ከዚያ «ሜሮንን እወዳታለሁ» አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ለአባቷ ነው፤ የእኔ ነገር መቼም እንዲሁ ነው።

አቶ ደምሴ ወንበር ሳቡልኝ። ራሳቸውም ተቀመጡ፤ እግራቸውን ዘረጉ።

«ያን ጠባሳ ከየት እንዳወቅኩት አልጠየቅከኝም» አሉ።

«ስካውት ስለነበሩ መስሎኝ።»

«ስካውት ከመሆኔ በፊት ነው። አባቴ አዳኝ ነበር። ገና ልጅ ሆኜ ሽቦውን የምጠመዝዘው እኔ ነበርኩ፤ እጄ ቀጭን ስለነበር ቋጠሮው ይሳካልኛል። አንድ ቀን አንዲት ነብር ተይዛ አገኘሁ። ግልገሎቿ አጠገቧ ነበሩ። አባቴ እስኪመጣ ጠብቄ ነበር፤ መፍታት እችል ነበር፣ አልፈታሁም። ስካውት የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። እግሬን በጥይት ሲመቱኝ እንኳ፣ ሂሳቡ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሜሮን አባቷ ጀግና ነው ብላ ነው ይህን ሥራ የጀመረችው። አልነገርኳትም።»

ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ። ዝምታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃት አልነበረም።

«አንተ ገንዳውን ነገርከኝ» አሉ በመጨረሻ። «ባትነግረኝ አላውቅም ነበር። እኔ ደግሞ ለልጄ ልነግራት ነው። መልሴን ከእሷ ጋር ስጨርስ ትሰማለህ።»

ሦስት ቀን ጠበቅኩ። ፎርክሊፍቱን ሁለት ጊዜ ከመደርደሪያ ጋር አጋጨሁ። በሦስተኛው ቀን ሜሮን ደወለች፤ ድምጿ አልቅሶ የደረቀ ሰው ድምፅ ነበር። ነግረዋታል። አንድ ቀን ሙሉ አላናገረቻቸውም። በማግስቱ ቢሮዋ ወሰደቻቸውና ከጫካ የመጣ የካሜራ ፎቶ ፊታቸው አስቀመጠች፦ አንዲት ታይገር ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ወንዝ ስትሻገር። «እግሯን ነው ያዩት» አለችኝ። «ለረጅም ጊዜ እግሯን ብቻ። ከዚያ ‹ለእነዚያ ጠባቂ ልጆች ወጥመድ የት እንደሚደበቅ እኔ ማሳየት እችላለሁ› አሉኝ።» አሁን በየሳምንቱ በቪዲዮ እዚያ ላሉ ጠባቂዎች አዳኝ ሽቦውን የት እንደሚያስር፣ ቅጠሉን እንዴት እንደሚመልስ ያስተምራሉ፤ ሜሮን ታስተረጉማለች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ሁሉ ምን ተለወጠብህ ብትሉኝ፣ ጀግና አልሆንኩም። ዛሬም ፎርም ሲሰጡኝ ወደ ኋላ እዞራለሁ፤ ግን እሞላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለጠባቂዎቹ የሚላከውን ቦት ጫማ በየቁጥሩ እደረድራለሁ፤ መጋዘን ሠራተኛ ስለሆንኩ በዚህ የሚያህለኝ የለም። ሳሙናና ብስኩት ስገዛ የዘንባባ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ጀርባውን እያነበብኩ ሰልፍ አስረዝማለሁ፤ ሰው ይሰድበኛል። ከሻጩ ስቶሬጅ ሁለቱ ቆዳዎች መገኘታቸውን ኦፊሰሯ ደውላ ነግራናለች። ጋሼም ኢንተርቪዋቸውን አልፈዋል፤ ጠያቂው ሳይጠይቃቸው የታይገሯን ታሪክ አንድ ሰዓት ነግረውት እንደወጡ ሰምቻለሁ። እናንተም ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ቆዳ፣ ሰው አንገት ላይ ጥፍር ስታዩ ማማሩን ከመናገራችሁ በፊት የማን እንደነበር ጠይቁ። ቢያስቀይሙኝስ አትበሉ፤ እኔ ከዚህ የባሰ አስቀይሜ ነው የተረፍኩት።

የአቶ ደምሴን መልስ ግን አልነገርኳችሁም። በዚያ በሦስተኛው ቀን ሜሮን ተናግራ ስትጨርስ ስልኩን ለአባቷ ሰጠቻቸው።

«ታምራት።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ሽማግሌዎችህን ለእሁድ መልሰህ ላክ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ባዶ እጃቸውን ይምጡ» አሉ። «ከረጢት ይዞ የመጣ ሽማግሌ በሬን አይረግጥም። አንተ ደግሞ መኪና ውስጥ አትቀመጥ፤ ከእነሱ ጋር ግባና ራስህ ጠይቀኝ።»